ጣት የማታስገባው ክፍተት

ሳሎኑ ፓርኬ፣ ኮሪደሩና ወጥ ቤቱ ሴራሚክ ይሁን ብሎ የሚወስን ሰው በአዲስ አበባ ብዙ ነው። የኮንዶሚኒየም ቁልፉን ተረክቦ ባዶውን ሊሾ ራሱ የሚያለብስ ሰው ስለ ቀለሙ ከቤተሰቡ ጋር ይመክራል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ሁለቱ ወለሎች የሚገናኙባት መስመር ግን የምትታወሰው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ የቀረችው ክፍተት በሲሚንቶ ትደፈናለች፤ አለዚያም ጣውላው ሴራሚኩን እስኪነካ ድረስ ይጠጋል። በበጋ የተሠራ ከሆነ ለጥቂት ወራት ያምራል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በሩ አጠገብ ያለው ጣውላ ጀርባውን ያነሳል፣ ሲረገጥም ባዶ ባዶ ይላል። ጥፋቱ በእንጨቱ ጥራት ይሳበባል። እንጨቱ ግን የሠራው እንጨት ሁልጊዜ የሚሠራውን ነው፤ የተሳሳተው መፈናፈኛውን የደፈነው ነው።

ሴራሚክ ከተተኮሰ በኋላ ባሕርዩ አይለወጥም። ፖርሲሊን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እቶን ስለሚተኮስ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው የሴራሚክ ወለል ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

እንጨት ሌላ ነው። የጣውላን ጫፍ በምላጭ አጽድቶ በአጉሊ መነጽር ላየው፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የሸምበቆ እስር ይመስላል። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ይመላለስባቸው የነበሩ ቱቦዎች ናቸው። ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ተልጎ ወለል ከሆነም በኋላ የቱቦዎቹ ግድግዳ ከአየሩ እርጥበት መሳቡንና መልሶ መስጠቱን አይተውም። ቫርኒሽ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እርጥበት ሲገባ ግድግዳዎቹ ይወፍራሉ፤ ስለዚህ ጣውላው ይሰፋል፣ አይረዝምም ማለት ይቻላል። ከእርጥብነት ጀምሮ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ አብዛኛው እንጨት በርዝመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በወርዱ ግን እንደ ዝርያውና እንደ አሰነጣጠቁ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ይህን በቁጥር አስልተው ለአናጢውም ለመሐንዲሱም ካቀረቡት መካከል፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመው የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራ አንዱ ነው። በሠንጠረዦቹ መሠረት በ20 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 ወደ 70 በመቶ ከፍ ሲል፣ የእንጨቱ የራሱ እርጥበት ከ9 ወደ 13 በመቶ ገደማ ይወጣል። በዚህ ለውጥ 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የኦክ ጣውላ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። አንዱ ጣውላ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ጎን ለጎን የተደረደሩት 30 ጣውላዎች ግን ሁሉም በነጻ ቢሰፉ 5 ሳንቲ ሜትር ይሞላሉ። እርግጥ ኮላው፣ ሚስማሩና በጣውላዎቹ መካከል ያሉት ስስ ክፍተቶች አብዛኛውን ይውጡታል። የተረፈው ነው ወደ ሴራሚኩ የሚገፋው።

ከዚህ በመነሳት ወለል ሳይነጠፍ መጠየቅ ያለበት ነገር፣ ጣውላዎቹ የሚዘረጉት በየት በኩል ነው የሚለው ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ጣውላዎቹ ጫፋቸውን ወደ ሴራሚኩ አድርገው ከተዘረጉ በዚያ በኩል እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃቸዋል፣ መጋጠሚያውም ቀጭንና ውብ ይሆናል። ከሴራሚኩ ጠርዝ ጎን ለጎን ከተዘረጉ ግን የሁሉም ስፋት ወደዚያች መስመር ይደመራል፤ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሰፊ ክፍል ደግሞ ከዚያም በላይ ክፍት መተው አለበት። ላሚኔት ከተፈጨና ከተጨመቀ እንጨት ስለሚሠራ በርዝመቱም በወርዱም ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዘረጋ ክፍተቱ አይቀርለትም።

ክፍተቱን መሸፈን ይቻላል። የተለመደው መሸፈኛ ከጎኑ ሲታይ የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል የሚመስለው የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ነው። እግሩ በክፍተቱ ውስጥ ወርዶ ከሊሾው ጋር ይታሰራል፤ ክንፎቹ በሁለቱ ወለሎች ላይ ያርፋሉ። በጣውላው ላይ በብሎን ወይም በኮላ ከታሰረ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ ጣውላው ከክንፉ ሥር እንደ ልቡ መውጣትና መግባት አለበት።

ብረት የማይፈልግ ሰው ቡሽ ይጠቀማል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡሽ በአጉሊ መነጽር ያየውን ጽፏል፤ ጥቃቅን፣ አየር የሞላባቸው ክፍሎች ናቸው። ቡሽ ሲጨመቅ እነዚህ ክፍሎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ስለዚህ እንደ ጎማ ወደ ጎን አያብጥም። ጣውላው ሲገፋው ከወለሉ በላይ ጎልቶ እግር አይመታም፤ ጣውላው ሲመለስም አብሮት ይመለሳል። ለትንሽ እንቅስቃሴ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። ሰው በሜዳ ሲራመድ ወደ ፊት የሚያልፈው እግሩ ወደ ወለሉ በጣም በሚቀርብበት ቅጽበት ጣቶቹ ከመሬት የሚርቁት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ብቅ ያለ ጠርዝ፣ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ ለሚሄዱ አያት፣ ወይም ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት ይዛ እግሯን ለማታይ ልጅ፣ እውነተኛ አደጋ ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደንብ ቀጥ ብሎ የሚወጣን ጠርዝ የሚፈቅደው እስከ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ድረስ ተዳፋት መሆን አለበት ይላል። እኛም ቤት ብንከተለው ጥሩ ነው። 9 ሚሊ ሜትር ሴራሚክ ከ4 ሚሊ ሜትር ማጣበቂያ ጋር 13 ይሆናል፤ 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔት ከ2 ሚሊ ሜትር ስፖንጁ ጋር 10። የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት በተዳፋት ፕሮፋይል በቀላሉ ይታረቃል። ሴራሚኩ በማጣበቂያ ሳይሆን በወፍራም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ላይ ከተነጠፈ ግን ልዩነቱ በሳንቲ ሜትር ይቆጠራል፤ ያን የሚያስተካክለው ሊሾው ሲፈስስ በውሃ ልክ የሚያዘው ከፍታ ብቻ ነው። ሊሾ የሚያፈሰው፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈውና ፓርኬ የሚገጥመው በተለያየ ሳምንት ስለሚመጡ፣ የሦስቱንም ውፍረት አስቀድሞ ወረቀት ላይ መደመር የባለቤቱ ድርሻ ነው። መስመሯ የምታርፍበትንም ቦታ ያኔውኑ መወሰን ይሻላል፤ በሩ ሲዘጋ ከመዝጊያው ሥር ብትውል ከየትኛውም ክፍል አንድ ወለል ብቻ ይታያል።

ውሃም አለ። ወጥ ቤቱ በባልዲ ሲታጠብ ውሃው ወደ ክፍተቷ ይወርድና የጣውላውን ጫፍ ያገኛል። እርጥበት በጣውላ ጫፍ ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይገባል፤ የቱቦዎቹ አፍ ያለው እዚያ ነውና። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍ ከመገጠሙ በፊት ቫርኒሽ ይቀባ፤ የፕሮፋይሉ ጠርዝም በሴራሚኩ በኩል ብቻ በሲልከን ይታሸግ። እርጥብ ቄጤማም በፓርኬው ላይ ሲያድር በዝግታ ያንኑ ስለሚያደርግ ቡናው ሲያበቃ ቢነሳ ይሻላል።

ከሥር ያለው ሊሾስ? አዲስ ከሆነ ገና ውሃ ይሰጣል። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመድረቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያም ይቆያል። ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጦ ዙሪያውን በፕላስተር ሊሾው ላይ ማሸግና እስከ ነገ መተው ነው። ላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ፓርኬው ካርቶኑን ሳይለቅ ይቆይ፤ ከሳምንት በኋላ ያው ላስቲክ ሌላ ቦታ ይሞከራል።