ያገለገለ የጃዝ ጊታር ከመግዛታችን በፊት፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ምን ይመክሩናል?

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሰባታሚት ውስጥ ጎረቤቴ የሆነ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ የሚሸጥ አሮጌ ጊታር አግኝቻለሁ። ፊቱ እንደ ቫዮሊን ያበጠ ነው፤ ሁለት የተጠማዘዙ ቀዳዳዎችም አሉት። አብረውኝ ሄደው ቢያዩልኝ?» አለኝ። ልጁ ሁለት ክረምት ሙሉ ተማሪዎችን እያስጠና ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዚህ መሣሪያ ሊያውለው ቆርጧል። ችግሩ ግን ባለቤቷ ራሳቸው «ቃናው ተበላሽቷል» ማለታቸው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማሪነቱ ዘመን በቀለሙ ማማር ብቻ ተስቦ የገዛው ጊታር አንገቱ የተጠማዘዘ ሆኖ ስላገኘው፣ የልጁን ጭንቀት ለመረዳት አልተቸገረም። በመሆኑም ማስመሪያ፣ የኪስ መስተዋት፣ የእጅ ባትሪና መልቲ ሜትር ይዘን ተነሣን። ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ቀን ያደረግናቸውን ምርመራዎችና ከበስተጀርባቸው ያለውን ሳይንስ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አርችቶፕ ጊታር ምንድን ነው?

በአገራችን በብዛት የሚታየው ጊታር ገጹ ጠፍጣፋ፣ ቀዳዳውም ክብ ነው። «አርችቶፕ» የሚባለው ግን ገጹ እንደ ቫዮሊን ወደ ላይ የተቀሰተ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ የላቲኑን «ኤፍ» ፊደል ቅርጽ የያዙ ናቸው። የዚህ አሠራር መነሻ በአሜሪካ የሚሺጋን ግዛት ነዋሪ የነበረው ኦርቪል ጊብሰን ነው። ጊብሰን ገጹ ተቀርጾ ለተሠራ ማንዶሊን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት አግኝቷል። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 «ኤል 5» የተባለውን ባለ ኤፍ ቀዳዳ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ዓላማውም ግልጽ ነበር፤ በመለከትና በከበሮ ብዛት ከሚዋጠው የጃዝ ኦርኬስትራ መካከል የጊታሩ ድምፅ እንዲሰማ ማድረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ማግኔታዊ ድምፅ መቀበያ የተገጠመለት «ኢ ኤስ 150» ወጣ። ቻርሊ ክርስቲያን የተባለው ወጣት ይህን መሣሪያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1939 የቤኒ ጉድማንን ቡድን ሲቀላቀል፣ ጊታር ከአጃቢነት ወደ መሪነት ተሸጋገረ። በእኛም አገር ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ካስተዋወቀ ወዲህ፣ የዚህ ድምፅ ፍቅር በወጣቶቻችን ዘንድ አድጓል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙርም በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አማካይነት የቀድሞ ዜማዎቻችንን በአኩስቲክ መሣሪያዎች መልሶ አሰምቶናል።

ቅስት ለምን አስፈለገ?

በተራው ጊታር አውታሮቹ የሚታሰሩት ገጹ ላይ በተለጠፈው ብሪጅ ነው። በአርችቶፕ ግን አውታሮቹ ከታች ጫፍ ባለ ብረት ላይ ይታሰሩና በብሪጁ ላይ ተሻግረው ያልፋሉ። ብሪጁ አልተለጠፈም፤ በበገና ላይ ብርኩማ እንደምንለው ሁሉ በአውታሮቹ ጫና ብቻ ቆሟል።

ይህ ጫና ምን ያህል ነው? የስድስቱ አውታሮች ጉተታ በአንድነት የ70 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው እንበል። አውታሮቹ በብሪጁ ላይ ሲያልፉ በ14 ዲግሪ ቢታጠፉ፣ ወደ ታች የሚጫነው ኃይል 2 × 70 × ሳይን 7° ማለትም 17 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ይህን ጭነት ለዓመታት ቢሸከም ይሰረጉዳል። ቅስት ግን ጭነቱን ወደ ጎን አስተላልፎ ለጠርዞቹ ያካፍላል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የሚገኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እስከ ዘመናችን የቆየው በዚሁ ብልሃት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ጊታሩን በዓይን ትክክል ከጎን አይቶ ቅስቱ በብሪጁ ሥር አለመስመጡን ማረጋገጥ ነው።

የእንጨቱ ማንነት

የአርችቶፕ ገጽ ከአንድ ወጥ እንጨት ተቀርጾ ወይም ስስ ንጣፎች ተደራርበው በሙቀትና በጫና ተቀስተው ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው የተናቀ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣውና በጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የተወደደው «ኢ ኤስ 175» በንጣፍ የተሠራ ነው። ገዢው ማወቅ ያለበት ለየትኛው እንደሚከፍል ነው።

መለያው ቀላል ነው። የኤፍ ቀዳዳውን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን ማየት ይበቃል። የገጹ መስመሮች ሳይቋረጡ ወደ ታች ከወረዱ እንጨቱ ወጥ ነው፤ እንደ ኮምፔርሳቶ የተደራረቡ መስመሮች ከታዩ ደግሞ ንጣፍ ነው። ከዚያም መስተዋቱን በቀዳዳው በኩል አስገብቶ ከውስጥ ያሉት ድጋፎች አለመላቀቃቸውንና ስንጥቅ አለመኖሩን መመልከት ይገባል። በጣት ቀስ ብሎ ሲንኳኳ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ የተላቀቀ ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የባሕር ዳርን አየር ጠባይ መዘንጋት አይገባም። የጣና ዳርቻ በሐምሌና በነሐሴ በእርጥበት የተሞላ ሲሆን፣ ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ደረቅ ነው። ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ ባለሙያዎች በክረምት ቆዳው ሲረግብባቸው በእሳት ወይም በፀሐይ ያሞቁታል። እንጨትም ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። ሲስብ በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በጎኑ ይለጠጣል፤ ሲደርቅም በዚያው አቅጣጫ ይሸበሸባል። ስንጥቆች ቃጫውን ተከትለው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ለጊታር ተስማሚ ነው የሚባለው አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ስለዚህ በክረምት የተገዛ መሣሪያ በበጋ ተመልሶ መፈተሽ አለበት። እንደ ክራሩ ቆዳ እሳት ዳር ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላዋል።

አንገቱ ቀጥ ያለ ነውን?

የተወጠረ አውታር ራሱ ከማስመሪያ የበለጠ ቀጥተኛ መስመር ነው። አንደኛውን ፍሬት በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበትን ፍሬት በሌላው እጅ ጫን እናድርግ። በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በአውታሩና በፍሬቱ መካከል ከአንድ ወረቀት ውፍረት እስከ ስስ ካርቶን ውፍረት፣ ማለትም ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ቢኖር አንገቱ ደህና ነው። ክፍተቱ ከዚህ እጅግ ከሰፋ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል፤ ጨርሶ ከሌለ ወደ ኋላ ተለምጧል። አብዛኞቹ ጊታሮች በአንገታቸው ውስጥ የሚስተካከል የብረት ዘንግ ስላላቸው ሁለቱም ሊታረሙ ይችላሉ፤ ዘንጉ ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ መዞር የለበትም። ከራስጌ ወደ ታች ሲታይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ከሆነ ግን ዘንጉ አያድነውም። ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።

የቃናው ምስጢር

ፈረንሳዊው ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው ሥራው እንደገለጸው፣ የአውታር ድግግሞሽ ከርዝመቱ ጋር በተቃራኒ ይመጣጠናል፤ ርዝመቱ ሲጋመስ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ጊታር አንዱን ስምንዮሽ ለ12 እኩል ደረጃዎች ስለሚከፍል፣ እያንዳንዱ ፍሬት ድግግሞሹን በ1.0595 ያበዛል። ይህ ቁጥር የ2 አሥራ ሁለተኛ ሥር ነው። ስለዚህ አውታሩ 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ፍሬት ከራስጌው በ3.65 ሴንቲ ሜትር፣ አሥራ ሁለተኛው ደግሞ በትክክል አጋማሹ ላይ፣ በ32.5 ሴንቲ ሜትር ይቀመጣል።

የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ቃናውን የሚዳኘው ጆሮው ነው። የጊታር ተጫዋች ግን የሚያዛውረው ጣቱን ብቻ ስለሆነ፣ ርቀቶቹ ከተዛቡ ጥሩ ጆሮ ያለውም ሰው ሊያርመው አይችልም።

እማማ (የጊታሩ ባለቤት) ያሉት ብልሽት የተገለጠልን እዚህ ላይ ነበር። ከራስጌው እስከ 12ኛው ፍሬት ለካን፤ 32.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ስንለካ ግን 33.5 አገኘን። ያልተለጠፈው ብሪጅ በአንድ ወቅት ተገፍቶ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቷል! ሙሉው አውታር 66 ሲሆን በ12ኛው ፍሬት የሚቀረው 33.5 ስለሆነ፣ የድግግሞሹ ንጽጽር 2 መሆኑ ቀርቶ 1.97 ይሆናል። ይህም ከአንድ የፍሬት ደረጃ ሩብ ያህል ዝቅ ያለ ቃና ነው። አውታር በጣት ሲጫን ትንሽ ስለሚወጠር ብሪጁ ከአጋማሹ ስሌት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መሆን እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ይህ ታስቦለት እንኳ የሚቀረው ስሕተት ለማንም ጆሮ ይጎረብጣል። አውታሮቹን ላላ አድርገን ብሪጁን መለስነው፤ በስልክ መቃኛም አረጋገጥን። ጊታሩ ተቃና።

ማግኔት፣ ሽቦና 220 ቮልት

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅልል ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። የጊታሩ ድምፅ መቀበያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የብረት አውታሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል። በመሆኑም በዚህ ጊታር ላይ የናይለን አውታር ቢታሰር ድምፅ ማጉያው አንዳች አይሰማም። ሽቦው ከፀጉር ስለሚቀጥን በእርጅና ሊበጠስ ይችላል። መልቲ ሜትሩ ጥቂት ኪሎ ኦም፣ ለምሳሌ 7 ወይም 8 ካሳየ ጥቅልሉ ደህና ነው፤ ወሰን የሌለው ካሳየ ግን ተበጥሷል። የእኛው 7.6 አሳየ።

ከጊታሩ ጋር አንድ ድምፅ ማጉያም ነበር። ልጁ ሶኬት ሊፈልግ ሲነሣ ጀርባውን እንዲያነብ ነገርኩት፤ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። በአገራችን የሚሠራበት 220 ቮልት ነው። ኃይል ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በቀጥታ ቢሰካ ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ሊቀበል ይሞክራል፤ ውጤቱም ጭስ ነው። ከውጭ የመጣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሳይነበብ አይሰካ! ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩም አቅም ከዕቃው ፍጆታ በቂ ብልጫ ሊኖረው ይገባል።

ሳጥን ውስጥ የተደበቀ አሲድ

ጊታሩ ጣት እንዳይቧጭረው የተለጠፈለት ጥቁር ቁራጭ ተሰነጣጥቆ፣ አጠገቡ ያሉትም ብረቶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው አገኘናቸው። ድሮ ይህ ክፍል የሚሠራው ከሴሉሎይድ ነበር። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞችን ይለቃል፤ ጋዞቹም ከአየሩ እርጥበት ጋር ተዋሕደው አሲድ ይሆናሉ። ሳጥኑ ተዘግቶ ሲቆይ አሲዱ ብረቱን ይበላል። መፍትሔው ቁራጩን ነቅሎ ለብቻው ማኖር ነው። ሴሉሎይድ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት መራቅ አለበት።

ማጠቃለያ

ምርመራችን ሲያበቃ ገጹ ከወጥ እንጨት የተቀረጸ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ መቀበያውም የሚሠራ መሆኑ ታወቀ። ተበላሸ የተባለው ጊታር አልተበላሸም። አሁን ጥያቄው የፊዚክስ አልነበረም። እማማ ከውጭ አገር ይዞት የመጣው ወንድማቸው ካረፈ ወዲህ ዋጋውን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም፤ የጠየቁትም «የተበላሸ» ዕቃ ዋጋ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ቢከፍል ማንም አያውቅበትም። ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ዝም አልኩ።

«እማማ፣ ጊታሩ ደህና ነው። ብሪጁ ተንሸራትቶ ነው እንጂ። እርስዎ ካሉት በላይ ያወጣል፤ እኔ ግን ያለኝ ይኸው ነው» አላቸው።

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና «እስቲ ምታው፣ ልጄ» አሉት። ትዝታን ተጫወተላቸው። ሲጨርስ ያለውን ተቀብለው፣ በራሳቸው ሐሳብ ጥቂት ጨምረው ቀሪውን ለመስቀል እንዲያመጣ ተስማሙ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ማስመሪያና መልቲ ሜትር የሚያገለግሉት ገዢን ከመታለል ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ትክክለኛ ልኬት ለሻጭም ለገዢም እኩል ይመሰክራል። ያገለገለ መሣሪያ ልትገዙ ስትሄዱ አይታችሁ፣ ለክታችሁ፣ አስልታችሁ ግዙ፤ ያገኛችሁትንም እውነት ለሁለቱም ወገን ተናገሩ።