የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል

የጣና ሰው ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ይጓዛል። ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ የሚሄደውም በክንድ ነው። ክንድ ይደክማል እንጂ ሽቦው አይበጠስም፣ ባትሪውም አያልቅም። በ1978 ዓ.ም. ግድም ግን የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ያላቸው ጀልባዎችንና የናይለን መረብን ለዓሣ አጥማጆች አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር፣ በዘጌና በጎርጎራ በኩል የሞተር ድምፅ የተለመደ ሆነ። ሩቅ የነበረው ቀረበ። ዓሣ አጥማጁም መረቡን ራቅ አድርጎ ይጥል ጀመር።

ሞተር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ጧት ውኃው ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉም አብሮ ይነሳል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ቀጥ ቢል ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል። ውኃ ይገባል። በጀልባው ውስጥ ልጅም፣ ሽማግሌም፣ የገበያ እህልም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ሥራው ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም።

ከሐይቅ ርቃችሁ የምትኖሩ ገበሬዎችም ይህን አንብቡ። በቤንዚን የሚሠራው የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ችግኝ በፀሐይ ሲጠወልግ ሞተሩ አልነሳ ማለቱ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ግን ሌላ ነው፤ ካንዴላ የለውም።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

የጀልባው ሞተር ከጀልባው ጀርባ ተንጠልጥሎ ይታሰራል። ከታች ውኃውን የሚገፋ ውልብልቢት አለው። በአናቱ ላይ ክዳኑን ስታነሱ የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት ታያላችሁ። ሠራተኞች ቮላኖ ይሉታል። በቮላኖው ውስጥ ማግኔት አለ። ማግኔት ብረትን ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ነው። ከሥሩ ደግሞ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ገመዱን ስትስቡ ቮላኖው ይዞራል። ማግኔቱ በጥምጥሙ አጠገብ እየሮጠ ሲያልፍ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

ይህ ኤሌክትሪክ ብቻውን ደካማ ነው። ቦቢና የሚባለው ሌላ ጥምጥም ሽቦ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ወደ ካንዴላው ይልከዋል። በካንዴላው ጫፍ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ሳይነካኩ ፊት ለፊት ቆመዋል። ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሲዘል ብልጭ ይላል። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ክብሪት ይኸው ነው።

እንግዲህ ባትሪው ምን ይሠራል? በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ባትሪው ሞተሪኖውን ለማዞርና መብራት ለማብራት ነው። የካንዴላውን እሳት የሚሰጠው ቮላኖው ነው። ስለዚህ ባትሪ ሞተ ማለት ሞተር ሞተ ማለት አይደለም፤ በገመድ ስቦ ማስነሳት ይቻላል። አንዳንድ አዳዲስና ትልልቅ ሞተሮች ግን ያለ ባትሪ ጨርሶ አይሠሩም። የእናንተ ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ የብስ ላይ ሳላችሁ ጠይቁ። በሐይቅ መካከል የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ቁልፉ ሲዞር ዝም ካለ

ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩ ዝም ሲለው ወዲያው «ባትሪው አልቋል» ይላል። ወይም መፍቻ ያነሳል። ሁለቱም ችኮላ ነው። መጀመሪያ ሁለት ነገር በዓይን ይታይ።

አንደኛው ማርሹ ነው። ማርሹ ፎሌ ላይ ካልሆነ ብዙ ሞተሮች አይነሱም። ጀልባው በድንገት ዘሎ ሰው እንዳይጥል ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ሁለተኛው የማጥፊያው ገመድ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። አንዱ ጫፍ በነጂው እጅ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ሞተሩ ላይ ይሰካል። ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ይህ ገመድ መረብ ሲጎተት ሳይታወቅ ይነቀላል። ልጅም ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ ገመድ ቢሳብ፣ ካንዴላ ቢቀየር ሞተሩ አይነሳም። ማጥፊያው ያስቸግራል ብለው በሽቦ አስረው የሚተዉት ሰዎች አሉ። ይህ አይደረግ፤ ነጂ የሌለው ጀልባ ዞሮ በወደቀው ሰው ላይ ይመጣል።

ሁለቱ ደህና ከሆኑ ወደ ባትሪው እንሂድ። በባትሪው ራስ ላይ ሞርሴቶዎቹ በነጭ ወይም በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍነው ከሆነ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ድረስ ጥረጓቸው። ዱቄቱ ቆዳ ያቃጥላልና እጃችሁን ታጠቡ፤ ዓይናችሁን አትንኩ። ስትፈቱ መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን (−)፣ ስታስሩ ደግሞ እሱን በመጨረሻ አድርጉ። የመደመሩን (+) ከመቀነሱ አትቀያይሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ብትቀያይሩት የባትሪውን መሙያ ሊያቃጥል ይችላል። ከባትሪ አጠገብ ሲጋራና ክብሪት ክልክል ነው፤ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል።

የባትሪ መለኪያ ያለው ሰው ይለካ። ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይዝ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። መለኪያ የሌለው ሰው የጀልባውን መብራት ያብራና ቁልፉን ያዙር። መብራቱ ጭልጭል ብሎ ከደከመ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ምንም ካልተለወጠና ሞተሪኖውም ዝም ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው። ፊውዙ ተቃጥሎ እንደሆነ ተመልከቱ። የተቃጠለ ፊውዝ በሌላ እኩያው ይተካል እንጂ በሚስማር ወይም በሲጋራ ብጣሽ ወረቀት አይተካም። ሽቦው ሲግል ጀልባው ይቃጠላል፤ ቤንዚኑም አጠገቡ ነው።

እጅ መልካም መለኪያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቁልፉን ጥቂት ጊዜ ካዞራችሁ በኋላ ማሰሪያዎቹን በየተራ ዳሱ። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው ማሰሪያ ነው በሽተኛው። ዝገት ወይም መላላት አለበት።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ይህ ሌላ በሽታ ነው። ቤንዚን መኖሩ፣ የነዳጅ ቱቦው መሰካቱና የሰርባትዮው ክዳን አየር ማስገቢያ መከፈቱ ከታየ በኋላ እሳቱ ይመርመር።

የቤንዚን ቱቦውን ንቀሉና ሞተሩን አርቁት፤ የቤንዚን ሽታ እስኪጠፋ ጠብቁ። ብልጭታና የቤንዚን ትነት ከተገናኙ እሳት ይነሳል። ካንዴላውን ፍቱና ከገመዱ ጋር መልሳችሁ ሰኩት። የካንዴላው ጥርስ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ በደንብ ይጋደም። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ያዙት፤ በባዶ እጅ አትያዙት፤ በኃይል ይነዝራል። ካንዴላው ከብረቱ ሳይነካ ገመዱን መሳብም ክፉ ነው፤ ኤሌክትሪኩ መውጫ ሲያጣ የውስጡን ዕቃ ያቃጥላል። አሁን ሌላ ሰው ገመዱን ይሳብ።

ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ የሚል ብልጭታ ከታየ እሳቱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩን በነዳጁ በኩል ፈልጉ። ብልጭታው ቀላና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሹን ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሰክታችሁ ሞክሩ። ካንዴላ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው እሱ ነው። ጥላሸት ለብሶ ወይም በዘይት ርሶ ከሆነ ይጠረግ፣ ይድረቅ።

በአዲሱ ካንዴላም እሳት ከጠፋ ወደ ቦቢና ግዢ አትሩጡ። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አስቀድማችሁ የማጥፊያውን ሽቦ ተመልከቱ። ሞተር የሚጠፋው እንዴት ነው? በብዙ ሞተሮች ማጥፊያው ሲጫን የቮላኖው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ ብረት ይፈስሳል፤ ካንዴላው ምንም ሳይደርሰው ይቀራል። የቦይ ውኃ ወደ ማሳ ሳይደርስ በአይጥ ጉድጓድ ፈስሶ እንደሚጠፋው ነው። የማጥፊያው ሽቦ ላስቲኩ ተፍቆ የሞተሩን ብረት ከነካ፣ ማንም ሳይጫነው ማጥፊያው ሁልጊዜ እንደተጫነ ይቆጠራል። ሽቦውን ለጊዜው ከመጋጠሚያው ንቀሉና ብልጭታውን እንደገና ሞክሩ። እሳቱ ከተመለሰ ቦቢናው ጤነኛ ነው። የተፋቀውን ቦታ ፈልጋችሁ በናስትሮ ጠቅልሉ። ከዚያ ሽቦውን መልሱት፤ ያለ እሱ ማጥፊያው አይሠራም።

እየሄደ ቢቆምስ?

ሁሉም ጥፋት የኤሌክትሪክ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ግድም እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ ታየ። አረሙ ውልብልቢቱን ይጠመጥመዋል፤ ውኃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው። ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውኃ ይተፋል። ያ ውኃ ከቆመ ሞተሩ እየጋለ ነውና ወዲያው አጥፍታችሁ አረሙን አጽዱ። ባትሪውን አትውቀሱ።

በሌላ በኩል ባትሪው በየጊዜው የሚያልቅ ከሆነ መሙያው ይመርመር። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲሠራ በባትሪው ላይ ወደ 14 ቮልት መታየት አለበት። ከ12.6 ካልወጣ እየሞላ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ግን አይገባም፤ መሙያውን ያቃጥላል።

ዕቃ ለመግዛት

አንዳንድ ዕቃ በአገር ቤት ስለማይገኝ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ የሚጻፍበት ልደታ ሐይቅ የለውም፤ ከካንዴላና ከማግኔት ጋር ግን የቆየ ትውውቅ አለው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያበራቸው አውሮፕላኖች በቤንዚንና በካንዴላ የሚሠሩ ነበሩ። በእነዚያ ሞተሮች በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ካንዴላ ተሰክቷል፤ እሳት የሚሰጠውም ማግኔት ሁለት ነበር። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያደርሳል፤ ሰማይ ላይ ቆሞ መጠገን የለምና። የጀልባ ሞተር በሲሊንደር አንድ ካንዴላ ብቻ ነው ያለው። የእሱ ሁለተኛ ማግኔት መቅዘፊያው ነው። ሞተር አለን ብሎ መቅዘፊያ የብስ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይገባኝም።

በልደታና በተክለ ሃይማኖት በኩል ወዳሉት የመለዋወጫ ሱቆች ስትመጡ የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ በላዩ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል። ፊደሉ የውጭ ቢሆንም እንዳለ እያያችሁ በወረቀት ገልብጡት፤ ቁጥሩን ግን አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። በካንዴላውም ነጭ አካል ላይ እንዲሁ ቁጥር አለ። ሁለት ካንዴላ በመልክ ተመሳስለው በጥርስ ርዝመት ይለያያሉ። የረዘመው ከተሰካ ፒስቶኑ ሊመታው ይችላል። «ያው ነው፣ ይሠራል» የሚል ነጋዴ ካለ ቁጥሩን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ተዉት።

ካንዴላ ስትገዙ ሁለት ግዙ። አንደኛውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ከካንዴላ መፍቻው ጋር አስራችሁ፣ ከመቅዘፊያው አጠገብ አኑሩት።