ከማራቶን ለሚረዝም ሩጫ ስለ መዘጋጀት

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ የማራቶን ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ርዝመቱም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚህ የሚያልፈው ሩጫ፣ ይኸውም 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው፣ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። እኛም በዚህ ጽሑፍ በከምባታ፣ በዳምቦያ የሚኖር አንድ ወጣት ለእንዲህ ያለው ሩጫ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባው እንገልጻለን።

ሁለት ተከታታይ ቀኖች ነገሩን ያስረዱልናል። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና፣ ጋንሱ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ 172 ሰዎች የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ጀመሩ። ብዙዎቹ የለበሱት ስስ ልብስ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ካፖርት መያዝም ግዴታ አልነበረም። ከተራራው ላይ ሳሉ ብርቱ ነፋስና የበረዶ ዝናብ ወረደባቸውና 21 ሯጮች በብርድ ሞቱ። ከሟቾቹም አንዱ በዚህ ሩጫ በቻይና እጅግ የታወቀው ሊያንግ ጂንግ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ከተማ ነጋሳ በደቡብ አፍሪቃ 50 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ ሮጠ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ከተመዘገቡት ሁሉ የፈጠነ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የእግር ብርታት ሌላ፣ በደኅና ወደ ቤት መመለስ ሌላ መሆኑን ነው።

የብርዱ ነገር እንዲህ ነው። ሯጭ በሚሮጥበት ጊዜ ሰውነቱ ብዙ ሙቀት ያወጣል። ሲደክም ግን እርምጃው ይዘገያል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ልብሱ በላብና በዝናብ ከራሰ ነፋሱ የቀረውን ሙቀት ይወስድበታል። በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ እጁ ይደነዝዛል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ አሳቡም ይደናገራል። በዱራሜ አጠገብ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስለዚህ ወደዚያ የሚወጣ ሯጭ ሰማዩ ጠራ ብሎ መዘናጋት የለበትም። የዝናብ ልብስ፣ ቆብ፣ የእጅ ባትሪና በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ሹራብ ይያዝ።

ሁለተኛው ነገር ምግብና ውሃ ነው። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ኃይል እንዲህ ላለው መንገድ አይበቃም። ዋዜማውን የለመደውን ቆጮ በልቶ ይደር፤ በመንገድም ሳይርበው ጥቂት ጥቂት በሶ፣ ሙዝ ወይም ጨው የነካው ድንች ይቅመስ። ውሃን ግን በጥም ልክ ይጠጣ እንጂ ያለ መጠን አይጨምር። በ1994 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን የ488 ሯጮች ደም ቢመረመር ከመቶው 13ቱ በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ይህ ሁኔታ ሲበረታ አንጎልን አሳብጦ ይገድላል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየዋጡ መሮጥም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከሩጫ በኋላ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ልምምዱም በችኮላ አይሆንም። ርቀቱን በየሳምንቱ በጥቂቱ መጨመር፣ ከረጅም ሩጫ በኋላ ማረፍ፣ ትኩሳት ወይም የደረት ሕመም ያለበት ቀን ፈጽሞ አለመሮጥ ይገባል። ጫማውንም፣ ምግቡንም አስቀድሞ በልምምድ ይፈትን።

በመጨረሻም ብቻን አለመሄድ ነው። በጋንሱ ስድስት ሯጮችን ያዳነ አንድ እረኛ ነበር፤ ወደ ዋሻው አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ አተረፋቸው። በእኛም አገር በየመንገዱ እረኛና ገበሬ አይጠፋም። ሯጩ በየት በኩል እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለቤተ ሰቡ ይናገር፤ በሚያልፍበት መንደር ሰላምታ ሰጥቶ ይለፍ፤ ከተቻለም ከጓደኛ ጋር ይሩጥ። ጓደኛው አንደበቱ ሲተሳሰር ያየው እንደ ሆነ «እችላለሁ» ቢለው እንኳ አይስማው፤ በአቅራቢያው ወዳለው ቤት ይውሰደው። በዚያ ሰዓት ስለ ራሱ በትክክል ሊፈርድ አይችልምና።