የኤሊ ክረምት መቼ ነው?

በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው የሐረር ከተማ፣ ከአንድ ወዳጃችሁ ግቢ ስትገቡ ከአበባው ሥር አንድ ኤሊ አንገቱን አውጥቶ ሲመለከታችሁ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ልጆች ይወዱታል፤ አይጮኽም፣ ቀለብም አያበዛም። ነገር ግን ዝም ያለ ሁሉ ተመችቶታል ማለት አይደለም። ይህን የተማርሁት እኔ ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ አጎቱ ከባቢሌ በኩል ያመጣለትን ኤሊ ያሳድግ ነበር። የሰፈሩ ልጆች የራስ ቁር የደፋ ወታደር ስለመሰላቸው «ሻምበል» ብለው ሰየሙት። ተማሪው ከባሕር ማዶ በመጣ መጽሐፍ ስለ ኤሊ አጠባበቅ አነበበና ገጹን ይዞ ወደ እኔ መጣ። መጽሐፉ ኤሊ ከብርዱ ወራት በፊት መብል ተከልክሎ፣ አፈርና ቅጠል በሞላው ሣጥን እንዲተኛ ያዝዛል። እኔም የእንግሊዝኛውን ቃል ሳላመነታ «ክረምት» ብዬ ተረጐምሁለት። ልጁ የመምህሩን ቃል አምኖ፣ ሐምሌ ሲገባ ሻምበልን ሣጥን ውስጥ ዘጋበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንከፍተው ኤሊው እንደ ባዶ ቅል ቀሎ፣ ዓይኖቹ ጎድጉደው፣ ከአፍንጫው ንፍጥ እየወረደ አገኘነው።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። አንደኛው የቃል ነው። የእኛ ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲሆን፣ የሰሜኖቹ ግን የታኅሣሥና የጥር በረዶ ነው፤ ያን ጊዜ በእኛ አገር በጋ ነው። ሁለተኛውና የከፋው የእንስሳው ዓይነት ነው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ሰሜን አሜሪካ ኤሊ ነበር፤ ይኸውም የሆዱ ቅርፊት እንደ ሣጥን ክዳን የሚዘጋው ነው። ይህ ኤሊ ብርዱ ሲበረታ አፈር ቆፍሮ ይተኛል፤ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፣ መብልም አይሻም። አስቀድሞ ሆዱ ባዶ እንዲሆን የሚደረገውም፣ በብርድ ጊዜ ሆዱ ስለማይፈጭ የቀረው መብል እንዳይበሰብስበት ነው። ለዚህ እንቅልፍ ግን ቅዝቃዜው ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሳይለዋወጥ መቆየት አለበት።

የእኛው የቆላ ኤሊ፣ ቅርፊቱ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር በመሆኑ ሊቃውንት በነብር ስም የሚጠሩት፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አያውቅም። የሐረርም ቀን ቢሆን ሌሊቱ ቢበርድ እንኳ ረፋዱ ይሞቃል። ስለዚህ በሣጥን የተዘጋ ኤሊ አይተኛም፣ አይበላም፤ የራሱን ሥጋ እየበላ ይከሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በክረምቱ ዝናብ ጊዜ ከእርጥብ ሲሚንቶ አንሡት፤ ኤሊን ፈጥኖ የሚጎዳው ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደረቅ ጭድ አንጥፋችሁ ከነፋስ አስጠጉት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አውጡት። ጥላ ያለበት ሥፍራ ግን አይታጣ። መብሉን በጠዋት ስጡት፤ ቀን ሲሞቅ ሆዱ እንዲፈጭለት ነው። የሚስማማው ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና በሐረር ዙሪያ የማይጠፋው እሾኹ የተነሣ የባሕር ቁልቋል (በለስ) ነው። እንጀራና ዳቦ አይስማማውም፤ ለፍየል የሚጣለውን የጫት ገረባም አትስጡት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከአገጩ በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል አኑሩት፤ እዚያው ይጠጣል።

አፍንጫው ከረጠበ፣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሳንባው ታሟል ማለት ነው። ኤሊ እንደ እኛ ስሎ ጉሮሮውን ማጽዳት አይችልም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም ከሐረር ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤሊ የዱር እንስሳ ነው፤ የ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት አዋጅ፣ ቁጥር 541፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። እኔም ሆንሁ ተማሪው ይህን የሰማነው ሐኪሙ ሲነግረን ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ኤሊ እዚያው በሚሄድበት አቅጣጫ አሻግሩት እንጂ ወደ ቤት አታምጡት። ቤት የኖረውንም ባለሥልጣኑን ሳትጠይቁ ወደ ዱር አትልቀቁት፤ የያዘው በሽታ ለሌሎቹ ይተርፋልና።

ሻምበል ዳነ። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ እያስቀመጥነው፣ ሐኪሙም መርፌ እየወጋው፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋን የባሕር ቁልቋል ቁራጭ ነከሰ። ተማሪው አጠገቤ ተንበርክኮ ሲያኝክ ይመለከት ነበር። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ቃል ደግሞ ስትተረጉሙልኝ አገሩን ጠይቁልኝ» አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ።