ከመኖው ገንዳ እስከ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ

እ.ኤ.አ. በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። ጆሮው ሰፊና ክብ፣ መስመሮቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ኤሚል ኡስታሌ የተባለው የፈረንሳይ ሳይንቲስት ከሌሎቹ የሜዳ አህዮች የተለየ ዝርያ መሆኑን ተረድቶ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ሲሆን ቁጥሩም ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። ከዚሁ ዝርያ ሁለቱ በ2000 መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ክረምት፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ መካነ እንስሳት ውስጥ ሞቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ አዋጅ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞታቸው የተያያዘው ከብርድና ከምግብ እጥረት ጋር ነው። የመኖ መጠናቸው አስቀድሞ ተቀንሶ ነበር። ለእንስሳት ሐኪም እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ተለያይተው አይታዩም። የሜዳ አህያ እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ ሁሉ ሣሩን የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ ነው፤ ድርቆሹ እዚያ ሲብላላ ለሰውነቱ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ብርድ ሲበረታ መኖ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ በረሃ የለመደ እንስሳ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያይ ጎብኚ ይህን ሁሉ አያውቅም። ጥቁርና ነጩ መስመር ዓይንን እያታለለ የጎድን አጥንቱን ይሸፍናል። ክሳቱን የሚለየው ቀርቦ ዳሌውንና የጀርባውን አጥንት የሚያስተውል፣ የትናንቱን ከዛሬው የሚያነጻጽር ሰው ነው።

ይህ ሰው ዳይሬክተሩ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሐኪሙም አይደለም። ጠዋት በሩን የሚከፍተው ተንከባካቢ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ተንከባካቢ መጥረጊያውን ከማንሳቱ በፊት ብዙ ነገር ያያል። ገንዳው ውስጥ ምን ያህል ድርቆሽ ተረፈ? የተረፈው አገዳው ብቻ ነው ወይስ ቅጠሉም አለበት? ፋንድያው ደርቋል ወይስ ላልቷል? ውሃው ከትናንት ማታ ወዲህ ቀንሷል? እንስሳው ሲነሳ የትኛውን እግሩን አሳረፈ? ከዚያም ያየውን በዕለት መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። «ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «ሁለት ኪሎ ያህል ድርቆሽ ተርፏል፤ የኋላ ግራ እግሩን ያሳርፋል፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ውሃ መጠጣት ቀንሷል» የሚለው ግን ሐኪሙን ከወንበሩ ያስነሳዋል።

የአንድ መካነ እንስሳት አስተዳደር መበላሸቱ በሬሳ ላይ ከመታየቱ በፊት በዚህ መዝገብ ላይ ይታያል። የሳምንቱ ገጾች በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ የተሞሉ ሲመስሉ፤ በየመስመሩ «ደህና ነው» ሲደጋገም፤ የክብደት ዓምዱ ባዶ ሲሆን፤ «ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ይጠገንልን» የሚል ማመልከቻ ወር አልፎት መልስ ሲያጣ፣ እዚያ ቤት አንድ ነገር እንደተሰበረ ባለሙያ ወዲያው ይገባዋል። የተሰበረው ሚዛኑ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ቢጽፍም የሚያነብለት እንደሌለ ተረድቶ መጻፉን ትቷል ማለት ነው።

የዋሽንግተኑ ታሪክ ይህን ከሌላው ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በ2002 አንዲት ቀጭኔ ሞተች። የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢዎች የሕክምና መዝገቧን እንዲያዩ ሲጠይቁ በጊዜው ዳይሬክተር የነበሩት ሉሲ ስፔልማን ከለከሉ። የሰጡት ምክንያት የእንስሳዋን የግል ሕይወትና በሐኪምና በታማሚ መካከል ያለውን ምስጢር መጠበቅ የሚል ነበር። ስፔልማን ራሳቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ እይታ ግን የሐኪም ምስጢር የሚጠበቀው ለታማሚው ጥቅም ነው፤ የሞተች ቀጭኔ ከመዝገቧ መደበቅ የምታገኘው አንዳች ጥቅም የለም። ጥቅም ያለው አሟሟቷን ማወቁ ነው፤ ያም ጥቅም በሕይወት ላሉት ለሌሎቹ ነው።

በጥር 2003 ደግሞ ሁለት ቀይ ፓንዳዎች ሞቱ። የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተቀብሮ ነበር። መርዙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እንዲህ ያለ ነገር እንስሳ በሚመላለስበት አፈር ውስጥ እንዲገባ አንድ ሰው ብቻውን ቢሳሳት አይበቃም። ምናልባት መርዙን የሚያስቀምጠው ሠራተኛ ምን እንደያዘ አልተነገረውም ወይም አልሠለጠነም፤ የግቢው ኃላፊ አልተጠየቀም፤ ሐኪሙ ፈቃድ አልሰጠም፤ ቢሰጥም አልተጻፈም ይሆናል። በየደረጃው «ይህ እዚህ አይሆንም» የሚል አንድ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ሁለቱ ፓንዳዎች ያን ቀን ባልሞቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ኮሚቴ አቋቁሞ መካነ እንስሳቱን መረመረ። የመጀመሪያው ሪፖርት የካቲት 2004 ሲወጣ ያገኘው ጉድለት ብዙ ነበር። በየዓመቱ መደረግ የነበረባቸው ምርመራዎች፣ ክትባቶችና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራዎች ተጓድለው ነበር። የአመጋገብ ክትትሉ ደካማ ነበር። የአይጥና የተባይ ቁጥጥሩ ሥርዓት ይጎድለው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን ኮሚቴው ስለ መዝገቦቹ ያገኘው ነው፤ አንዳንድ የሕክምና መዝገቦች ነገሩ ከተፈጸመ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ተለውጠው ነበር። ስፔልማን ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ያስታወቁት ሪፖርቱ በወጣበት ቀን ነው።

መዝገብ መታረም የለበትም ማለት አይደለም። ሐኪምም ይሳሳታል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ዘግይቶ ይመጣል፤ ምርመራው ይለወጣል። ነገር ግን የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል፣ ማን መቼ እንዳረመው ይፈረምበታል። ይህን ማንኛውም የጤና ባለሙያ ገና ተማሪ ሳለ ይማረዋል። ሳይፈረምበት የሚለወጥ መዝገብ ግን ከስሕተትም የባሰ ነው፤ ጠዋት በቅንነት የጻፈውን ተንከባካቢ ቃሉን ይነጥቀዋል። ነገ ሸንጎ ፊት ቢቆም «እኔ ተናግሬ ነበር» የሚልበት ማስረጃ አይኖረውም።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን የታሪኩን ሌላ ወገንም ማስታወስ ይገባል። ያው ኮሚቴ በ2005 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት አብዛኞቹ እንስሳት በሕይወት ዘመናቸው ተገቢ እንክብካቤ ያገኙ እንደነበርና መሻሻልም እንደታየ መስክሯል። በመካነ እንስሳት የሚሞት እንስሳ ሁሉ በጥፋት አይሞትም። እርጅና አለ፤ ሐኪም የማይችለው በሽታ አለ። ስለዚህ ጥፋት አይቶ የሚናገር ሰው «እዚያ እንስሳ ይገድላሉ» ከማለት ይልቅ ቀኑን፣ ጉረኖውን፣ ክብደቱንና የመኖውን ልክ ቢናገር ይሻላል። በወሬ የመጣ ክስ በወሬ ይመለሳል። በቁጥር የመጣውን ግን በቁጥር ካልሆነ መመለስ አይቻልም።

በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በአትላንታ የሆነው ደግሞ ከዋሽንግተኑ ይከፋል። በ1984 የከተማዋ መካነ እንስሳት ስሙ በመላው አሜሪካ ጎደፈ። ትዊንክልስ የምትባል ዝሆን ጡረታ ወጥታ እርሻ ላይ ትኖራለች ተብሎ ነበር። ዘጋቢዎች ሲከታተሉ ግን ከተማ ለከተማ በሚዞር ሰርከስ ውስጥ ሞታ ሰሜን ካሮላይና መቀበሯ ተገኘ። አንድ ዝሆን ብዙ ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ በመኪና ተጭኖ ከግቢ ሲወጣ የማያይ ሠራተኛ የለም። እውነቱን የሚያውቁ ሳይኖሩ አይቀርም፤ የሚናገሩበት በር ግን የነበራቸው አይመስልም።

ከንቲባው አንድሩ ያንግ የጆርጂያ ቴክ መምህር የሆኑትን የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ቴሪ ሜፕልን ወደ ኃላፊነት አመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተቋሙ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ስሙም ዙ አትላንታ ተባለ። ለውጡን ያዩት እዚያው የነበሩት እንስሳት ናቸው። ዊሊ ቢ. የተባለው ጎሪላ 27 ዓመት ያህል ቤት ውስጥ ብቻውን፣ ከመኪና ጎማና ከቴሌቪዥን ጋር ተዘግቶበት ኖሮ በ1988 ሣር ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ጎሪላዎች ጋር ኖሮ ልጆችም ወለደ። እንስሳው ያው ነው፤ ሕንፃውን የሚያዝዘው ሰው ብቻ ተለወጠ።

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ሲያነብ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ትዝ ሊለውም ይገባል። በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው ይህ ግቢ የብዙ ልጆች የመጀመሪያ አንበሳ የታየበት ነው። በ2006 መገባደጃ የግቢው አስተዳዳሪ ለውጭ ጋዜጠኞች በግልጽ ተናገሩ፤ ገንዘብና ቦታ ስላልነበረ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ሬሳቸው ለጌጥ ለሚያደርቁ ሰዎች በ170 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ። «የአገር ገመና አወጡ» ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። ቁጣው አቅጣጫውን ስቷል። ገመናው መርዙ ነው፤ ችግሩን አፍ አውጥቶ የተናገረ ኃላፊ ነገሩ እንዲታይ አድርጓል፤ ዝም ብሎ ከሚሸጥ ኃላፊ በእጅጉ ይሻላል።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ተመራማሪዎች ከዚያው ግቢ ከ15 አንበሶች የዘረመል ናሙና ወስደው ያገኙትን በ2012 አሳተሙ። እነዚህ ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ አንበሶች ከተነጻጸሩባቸው ሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው ተገኙ፤ ተጠብቀው እንዲራቡም ተመከረ። መርዝ የበሉት ደቦሎች የእነዚህ ዘመዶች ነበሩ። ሙያው ደግሞ ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። ወንዱንና ሴቷን በወቅቱ መለየት ይቻላል፤ ለሴቷ የእርግዝና መከላከያ መስጠት ይቻላል፤ የወንዱን የዘር ቱቦ መቋጠርም ይቻላል። ሲኮላሽ ጎፈሩ የሚረግፈው አንበሳ፣ ቱቦው ብቻ ሲቋጠር ጎፈሩን እንደያዘ ይኖራል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከበጀት ጠረጴዛው አጠገብ ቢቀመጥና ቢሰማ ኖሮ መርዙ ባላስፈለገ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም» እያለ ያደገ ሠራተኛ አለቃው ፊት ቆሞ ስሕተት መናገር ይከብደዋል። «ነገር አመጣ» ይባላል፤ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ኮንትራቱ አይታደስም። ሕጉም ብዙ አይደርስለትም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከለላ የሚሰጠው በከባድ ወንጀሎች ላይ ለሚመሰክሩና ለሚጠቁሙ ነው። መኖ ተቀነሰ፣ ሚዛን አልተጠገነም፣ መዝገብ ተለወጠ የሚል ተንከባካቢ እዚያ ውስጥ ራሱን አያገኝም። ስለዚህ ከለላው ከሕግ በፊት ከቤቱ ሥርዓት መምጣት አለበት።

መካነ እንስሳት የሚያስተዳድሩ ከተሞች የሚጠየቁት ከባድ ነገር አይደለም። የዕለት መዝገቡ ገጾች ቁጥር ይኑራቸው፤ በካርቦን ሁለት ቅጂ ይጻፍ፣ አንዱ ከጉረኖው ሳይወጣ ይቆይ። ተንከባካቢው ላነሳው ችግር ኃላፊው በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ፤ «አልችልም» የሚል መልስም ቢሆን ተፈርሞበት ይቀመጥ። የሞተ እንስሳ ሁሉ በውጭ ሐኪም ይመርመርና ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

ልጆቹን ይዞ ወደ አንበሳ ግቢ የሚሄድ አንባቢም ሆነ ዋሽንግተንና አትላንታ እየኖረ እዚያ ወዳሉት መካነ እንስሳት የሚሄድ የአገር ልጅ የሚያደርገው አለ። የከሳ፣ የሚያነክስ፣ ውሃ የሌለበት እንስሳ ካዩ ቪዲዮ ቀርጸው ለወዳጅ በመላክ ብቻ አይመለሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጉረኖውን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቀሪ ይያዙ፤ በወሩም መልሱን ለመጠየቅ ተመልሰው ይሂዱ።