«ደህና ነኝ» ብሎ የሚተኛው ሰው

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ከሁሉም በላይ የምፈራው ደም በደም ሆኖ የሚመጣውን ሰው አይደለም። ወደ ውጭ የሚፈስ ደም ይታያል፤ ይታሸጋል፣ ይሰፋል። የምፈራው ቦዳ ቦዳ ከሚባለው የሞተር ታክሲ ላይ ወድቆ፣ አቧራውን አራግፎ፣ «አና ኩዌስ»፣ ደህና ነኝ፣ እያለ በእግሩ የሚገባውን ነው። አጃቢዎቹ የአገሬ ልጆች ከሆኑ «ሲስተር፣ ደክሞት ነው፤ ቤቱ ሄዶ ይተኛ» ይሉኛል። ጆሮ ግንዱ አካባቢ እብጠት ካየሁ ግን አልለቀውም። ለምን እንደማልለቀው የሚገባው ከራስ ቅል ስር ያለውን ለሚያውቅ ነው።

በአጥንቱና በአንጎል መካከል ሦስት ሽፋኖች አሉ። የላይኛው ዱራ ማተር ይባላል፤ እንደ ቁርበት ጠንካራ ሆኖ ከራስ ቅሉ ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቋል። ከእሱ ስር ስሱ አራክኖይድ አለ። ሦስተኛው ፒያ ማተር አንጎሉ ላይ ተለጥፎ እጥፋቶቹን ሁሉ ተከትሎ ይገባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይመላለሳል፤ ትልልቆቹ የአንጎል ደም ሥሮች የሚያልፉትም በዚያው ነው።

አሁን ጣትዎን ከዓይንዎ ጠርዝ ወደ ጆሮዎ ሲወስዱ የሚያገኙት ገባ ያለ ቦታ ላይ ያሳርፉ። አራት አጥንቶች እዚያ ይጋጠማሉ፤ የራስ ቅል በጣም ከሚሳሳባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከስሩ፣ በአጥንቱና በዱራው መካከል፣ ሽፋኑን የሚመግብ ደም ቅዳ ያልፋል። ሄልሜት ያላደረገ ሰው በዚህ በኩል አስፋልት ሲመታው አጥንቱ ይሰነጠቅና ደም ቅዳውን ሊቀድደው ይችላል። ደሙ መውጫ የለውም። ልብ በመታ ቁጥር እየገፋ ዱራውን ከአጥንቱ ያላቅቀዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ያወራል፣ ስልክ ይደውላል፣ ስለ ሞተሩ ይጨነቃል። ከዚያ አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ራስ ምታቱ ይበረታበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ድብት ይለዋል። አንደኛው የዓይን ብሌን ከሌላው ይሰፋል። ቤተሰብ እንቅልፍ መስሎት ብርድ ልብስ ያለብሰዋል።

የአዋቂ ሰው ራስ ቅል አይሰፋም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783 የጻፈው ይህንን ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው የጭንቅላት ጉዳት ሕክምና በሙሉ በዚህ ላይ ቆሟል። ውስጥ ያሉት አንጎል፣ ደምና ፈሳሽ ናቸው። አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነስ አለበት። መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በደም መልሶች ውስጥ ያለው ደም ይወጣል። ሁለቱ ካለቁ በኋላ የሚገፋው አንጎሉ ራሱ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ ትንፋሽን የሚያዝዘውን ክፍል ይጫናል።

በጊዜ የደረሰ ሰው አጥንቱ ተከፍቶ ደሙ ይወጣል፣ የተቀደደው ሥር ይዘጋል፤ ሙሉ በሙሉ ድኖ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። በአገሬ እንኳ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከጁባ አቅም ያለው ሰው ለሕክምና ወደ ካምፓላ፣ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ይህ ደም ግን ትኬት እስኪቆረጥ አይጠብቅም። ስለዚህ የወደቀን ሰው ብቻውን አታስተኙት። እየቀሰቀሳችሁ ስሙን ጠይቁት፣ ብሌኖቹን በስልክ መብራት እዩ። አንዱ ምልክት ከታየ አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አረጋውያን ላይ ነገሩ ቀስ ይላል። ከዱራው ስር የሚያልፉ ቀጫጭን ደም መልሶች ትንሽ በትንሽ ይደማሉ፤ ከሳምንታት በኋላ አባባ ንግግራቸው ይምታታል፣ አካሄዳቸው ይለወጣል። ያን ጊዜ መውደቃቸውን የሚያስታውስ አይኖርም።

በሽፋኖቹ መካከል የሚመላለሰውን ፈሳሽ ሰው እምብዛም አያውቀውም። አንጎል ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎች በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመረታል፤ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን ወደ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያረጀው ወደ ደም እየተመለሰ አዲስ ይተካል። 1,400 ግራም የሚመዝነው አንጎል በውስጡ ተንሳፍፎ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል፤ ባይሆን ኖሮ በራሱ ክብደት ይጎዳ ነበር። መተላለፊያው ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል። የሕፃን አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ ያድጋል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል። እናቶች ሆይ፣ እርግብግቢቱን በእጃችሁ ዳብሱት። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ታቅፎም ውጥር ካለ ሐኪም ይየው።

ሽፋኖቹ ራሳቸው ሲታመሙ ነው ማጅራት ገትር የምንለው። ጁባ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የበሽታው ቀጠና ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ በደቡብ ሱዳን ብዙ ሺህ ሰው ታሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ በየአገሩ የተሰጠው ክትባት ኤ የሚባለውን ዓይነት ከሞላ ጎደል አጥፍቶታል። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሉ፤ አምስት ዓይነቶችን በአንድ የያዘውን አዲስ ክትባት ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም ቀድማ መስጠት ጀምራለች። በበጋ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አገጩን ደረቱ ማድረስ ካቃተው ሌላ ምክንያት አልፈልግም።

ለምርመራ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት ሲያስፈልግ ቤተሰቡ እንቢ ይላል። «ከወገብ ውሃ የተቀዳ ሽባ ይሆናል» የሚለው ወሬ እዚህም አዲስ አበባም አንድ ነው። አንድ አባት እንዲህ ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ በልጃቸው ጀርባ ላይ አሳየኋቸው፤ ህብለ ሰረሰር ከወገብ በላይ እዚህ ጋ ያልቃል፣ መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ህብለ ሰረሰሩ በሌለበት፣ ፈሳሹ ባለበት ነው። ፈቀዱ። ጤነኛ ፈሳሽ እንደ ውሃ ይጠራል፤ የልጁ ደፍርሶ ወጣ። ሴፍትሪአክሶን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን ውጤት ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ ተጀምሮለት ነበር፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ ሽፋኖቹ ሲቆጡ ስለሚላላ፣ መድኃኒቱ በበቂ መጠን አልፎ ይሠራል።