የተቃጠለው ዕቃ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፦ የመኪና ማራገቢያ ብልሽቶች ዳሰሳ

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያሽከረክር ሰው የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ እጁን የሚሰድደው ወደ ማራገቢያው ማብሪያ ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ ኤሲው ምንም ያህል ቢያቀዘቅዝ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ይህ ማራገቢያ ካልነፈሰ ቅዝቃዜው ተሳፋሪው ዘንድ አይደርስም። ባለሙያዎች «ብሎወር» የሚሉት ይህ ክፍል ሲበላሽ የሚጓደለው ምቾት ብቻ አይደለም፤ መንገድን አጥርቶ ማየትም ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከባትሪው የሚነሳው 12 ቮልት ፊውዝና ሪሌ አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል፤ በማሳ (ከመኪናው የብረት አካል ጋር በተያያዘው መስመር) በኩልም ይመለሳል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ይገኛል። ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩት ግን ሁለት ዓይነት ዘዴዎች ናቸው። በቀደሙትና በእጅ በሚስተካከሉት መኪኖች ሬዚስተር አለ፤ ዝቅተኛ ፍጥነት ሲመረጥ ኤሌክትሪኩ በሬዚስተሩ ውስጥ እያለፈ ይቀንሳል፣ ከፍተኛው ሲመረጥ ግን ሬዚስተሩን ትቶ በቀጥታ ይሄዳል። ሙቀቱን ራሳቸው በሚያስተካክሉ መኪኖች ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው።

ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ከምልክቱ ብቻ ብዙ ነገር ያነባል። ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስተሩ ነው። በዝቅተኛዎቹ እየሠራ ከፍተኛው ላይ ከጠፋ ግን ሬዚስተሩ ሳይሆን ለከፍተኛው ፍጥነት የተለየው መስመር፣ ሪሌው ወይም ማብሪያው ይፈተሻል። በየትኛውም ፍጥነት ካልተነሳ ምርመራው ከፊውዝ ይጀምራል። የሚጮህ ወይም የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ አለዚያም ክንፎቹ መካከል ቅጠል ወይም ወረቀት ገብቷል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነፋሱ ከደከመ ደግሞ የካቢን ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ከግምት ወደ እርግጠኝነት የሚያሻግረው ልኬት ነው። ማብሪያው ከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ ሶኬቱም ሳይነቀል፣ በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች መካከል ቴስተር ይደረጋል። 12 ቮልት ገደማ እያሳየ ሞተሩ ካልዞረ ችግሩ የሞተሩ ነው። መታ መታ ሲደረግ የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ብሩሽ) ያለቀ ነው። ቮልቱ ከጠፋ ወይም ከወረደ ፍተሻው ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ማሳው፣ ሶኬቱ፣ መቆጣጠሪያው፣ ሪሌው። ሶኬትን ነቅሎ መለካት እዚህ ላይ ያታልላል። የዛገ ወይም የላላ ማገናኛ ጭነት በሌለበት ሙሉ 12 ቮልት ያሳይና ሞተሩ ኤሌክትሪክ መሳብ ሲጀምር ይከዳል።

ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ዕቃው ለምን ተቃጠለ? ሬዚስተሩ ሥራው የሚያሞቀው በመሆኑ ሆን ተብሎ በነፋሱ መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያቀዘቅዘውም ራሱ ማራገቢያው የሚነፍሰው አየር ነው። ፊልተሩ ከተደፈነ ይህን ማቀዝቀዣ ያጣል። ኩሽኔታው የደረቀ ሞተርም ለመዞር ከተለመደው በላይ አምፔር ይስባል፤ ትርፉ ሙቀት ሬዚስተሩን ያቃጥላል፣ ሶኬቱንም ያቀልጣል። ሬዚስተር ብቻ ቀይሮ የሄደ ደንበኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የሚመጣው ስለዚህ ነው። አዲስ ሬዚስተር ከመግጠም በፊት ሞተሩ የሚስበውን አምፔር መለካትና ፊልተሩን አውጥቶ ማየት ይህን ያስቀራል።

የሶኬትና የሽቦ ሙቀት ቀላል ነገር አይደለም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ ከ670 ሺህ በላይ ሦስተኛ ሲሪስ መኪኖችን አሜሪካ ውስጥ ለጥገና የጠራው፣ የማሞቂያና ማቀዝቀዣው ሽቦና ማገናኛ ከመጠን በላይ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነበር። ስለዚህ ደጋግሞ በሚቃጠል ፊውዝ ቦታ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ ወይም ሽቦ መክተት ጥገና ሊባል አይገባም። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት እንዲቆርጥ ነው፤ እርሱ ካልቆረጠ የሚነደው ሽቦው ይሆናል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ነባሮቹ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግሉ ይፈለጋል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በየጋራዡ መታየት ጀምረዋል። በእነዚህም ማራገቢያው በአብዛኛው የሚሠራው በ12 ቮልት በመሆኑ ከላይ የተጠቀሰው የፍተሻ አካሄድ ይጠቅማል። ነገር ግን በአቅራቢያው የሚገኘው ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ቮልት የሚጠቀም ስለሆነ፣ በብርቱካናማ ቀለም የተለዩትን ኬብሎች ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም።

ለባለ መኪናው የሚበጀው እንግዲህ ጋራዥ ሲሄድ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፦ ብልሽቱ በልኬት መረጋገጡን፣ ዕቃው የተቃጠለበት ምክንያትም መታወቁን። ለሁለቱም መልስ ያለው ባለሙያ ዘንድ የሚከፈል ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ጥገና ነው።